ኪልዋን ከባሕሩ በኩል ይዩት

ጥያቄውን የላኩልኝ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ኪልዋ በደቡብ ታንዛኒያ ባሕር ዳርቻ፣ ኪልዋ ኪሲዋኒ በምትባል ደሴት ላይ የፈረሰች የስዋሂሊዎች፣ ማለትም የምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ሕዝብ፣ የጥንት የንግድ ከተማ ናት። ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ልጄ ዳሬሰላም ትሠራለች። ከባለቤቴ ጋር ልንጠይቃት ልንሄድ ነው። ስለ ኪልዋ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ በዓይኔ ግን አላየሁትም። ልጄ ‹ለተሰባበረ ድንጋይ ብላችሁ 300 ኪሎ ሜትር!› ትለኛለች። ላሊበላንና ጎንደርን ላየ ሰው ኪልዋ ምን ይጨምርለታል? ጉልበቴም ያመኛል፤ እችለዋለሁ? ደግሞ አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል፤ ከተማውን የሠራው ማን ነው? ዐረብ ነው፣ ፋርስ ነው ወይስ አገሬው?»

ጋሼ፣ ይሂዱ። ግን ላሊበላን ፍለጋ አይሂዱ፤ ቅር ይልዎታል። ኪልዋ ኪሲዋኒ ላይ ጣራው ሳይጎድል የቆመ ሕንጻ ጥቂት ነው። አብዛኛው ከወገብ በታች የቀረ ግድግዳ ነው። ሣር በቅሎበታል፣ ዛፍ ሥሩን ሰድዶበታል። ልጅዎ ግማሽ እውነት አላት ማለት ነው። ግማሹን ያጣችው ደግሞ አብዛኛው ጎብኚ በሚያጣበት ምክንያት ይመስለኛል፤ ከተማዋን ከጀርባዋ ነው የሚያዩዋት።

ይህን የምለው እኔም ስለተሳሳትኩ ነው። ሥራዬ የድሮ ግንብ ጥገና ነው። ዕድሜዬ ከኖራና ከድንጋይ ጋር ነው ያለቀው። መጀመሪያ ኪልዋ የሄድኩ ጊዜ ከጀልባ እንደወረድኩ ካርታዬን ዘርግቼ ከአንዱ ፍርስራሽ ወደ ሌላው ስሮጥ ዋልኩ። ግድግዳ ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ማስታወሻዬን ሞላሁ። ባሕሩን አንዴም ዞር ብዬ አላየሁም። ባለጀልባው «ቶሎ በል፣ ውኃው እየሸሸ ነው» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። ስንመለስ ጀልባዋ ከባሕሩ ዳር ብዙም ሳትርቅ አሸዋ ላይ ቁጭ አለች። ባለጀልባው አልተቆጣም፤ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ። ውኃው እስኪመለስ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። የምሠራው ስላልነበረኝ ከተማዋን ፊት ለፊት ሳያት ቆየሁ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ምሽጉ ውኃው ጠርዝ ላይ ነው። ከበስተቀኙ የማኩታኒ ግንብ፣ የኋለኞቹ ሱልጣኖች ቤተ መንግሥት፣ ይታያል። በስተግራ ራቅ ብሎ ገደሉ አናት ላይ ሁሱኒ ኩብዋ የሚባለው አሮጌው ቤተ መንግሥት አለ። ሁሉም የተደረደረው በመርከብ ለሚመጣ ሰው ነው።

ስለዚህ ጉብኝቱን ከጀልባው ይጀምሩ። ከኪልዋ ማሶኮ፣ ማለትም በየብሱ በኩል ካለችው ከተማ፣ እስከ ደሴቲቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሟም ይኸው ነው፤ ኪሲዋኒ ማለት «ደሴቷ ላይ» ማለት ነው። በመሃል ያለው ውኃ ጥልቅና የተከለለ ነው። ጥንት የወንዝ ሸለቆ ነበር፤ ባሕሩ ከፍ ሲል ገብቶ ሞላው። ትልቅ መርከብ ያለስጋት ገብቶ መልሕቅ የሚጥልበት ቦታ ነው።

ወደብ ብቻውን ግን ከተማ አያበለጽግም። ነፋሱ አለ። የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ እንደ ክረምትና በጋ ተራ ይገባል። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ስዋሂሊዎች ካስካዚ ይሉታል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ይመጣል፤ እሱን ኩሲ ይሉታል። ከዐረቢያ ወይም ከሕንድ የተነሣ ባለሸራ መርከብ በካስካዚ ወርዶ፣ ሸጦ ለውጦ፣ በኩሲ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህን በአንድ ወቅት አድርጎ መመለስ የሚችልበት የመጨረሻ ጫፍ ኪልዋ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ያለፈ ነጋዴ ነፋሱ ጥሎት ይሄዳል፤ ሌላ ዓመት መጠበቅ ሊኖርበት ነው።

ወርቁ ያለው ደግሞ ከዚያ በታች ነው። የዛሬዋ ዚምባብዌ ደጋ ላይ የሚወጣው ወርቅ የሚወርደው ሶፋላ ወደሚባለው ወደብ ነበር፤ ዛሬ ሞዛምቢክ ውስጥ ነው። የኪልዋ ሰዎች የራሳቸውን ጀልባ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ወርቁንና የዝሆን ጥርሱን አምጥተው ኪልዋ ላይ ይጠብቃሉ። የሩቁ ነጋዴ የሕንድ ጨርቅ፣ ዶቃና የቻይና ሳህን ይዞ ይመጣል። ኪልዋ አንዲት ግራም ወርቅ ከመሬቷ አላወጣችም። በእኛ አነጋገር ደላላም ቀራጭም ነበረች። ሱልጣኖቿ ሶፋላን ከያዙ በኋላማ የገቢና ወጪው ቁልፍ በእጃቸው ሆነ። ታላቋ ዚምባብዌ በምትባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ በኪልዋው ሱልጣን በአል ሐሰን ኢብን ሱለይማን ስም የተመታ ሳንቲም ተገኝቷል። ሸቀጡ በየትኛው መንገድ ይሄድ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ስለ ሳንቲሙ ትንሽ ልበል፤ አክሱምን ላስተማረ ሰው ይጥማል። አክሱም በወርቅ፣ በብርም በመዳብም መትታለች። የኪልዋ ሳንቲም በብዛት መዳብ ነው፣ ትንሽና ሳሳ ያለ። በአንዱ ገጽ የሱልጣኑ ስም፣ በሌላው በአምላክ መታመኑን የሚናገር ሐረግ አለበት። ሁለቱ ገጾች ቤት ይመታሉ! ሳንቲሙን ገልበጥ ሲያደርጉት ግጥሙ ይሞላል። ይህን የሰማሁ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። በ1944 ደግሞ በሰሜን አውስትራሊያ ዌሰል ደሴቶች ላይ የነበረ አንድ ወታደር አምስት የኪልዋ ሳንቲሞች አግኝቷል። እዚያ እንዴት እንደደረሱ እስካሁን ያከራክራል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የከተማዋ ጥጋብ ጫፍ የደረሰው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ የመጣውም ያኔ ነው፣ በ1331። ከሞቃዲሾ ተነሥቶ በሞምባሳ አድርጎ ወረደ። ኪልዋን ካያቸው ከተሞች ሁሉ ውቦች ከሆኑት መድቧታል። ሱልጣኑ ያው ስሙ ሳንቲሙ ላይ ያለው አል ሐሰን ነው፤ ሰዉ አቡል መዋሂብ ይለው ነበር፤ የስጦታዎች አባት እንደማለት ነው። አንድ ከየመን የመጣ ድኻ ሱልጣኑን ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ ጠብቆ «የለበስከውን ልብስ ስጠኝ» አለው። ሱልጣኑ ተመልሶ ገባ፣ ልብሱን ቀይሮ አውልቆ ሰጠው። ልጁ የአባቱን ልብስ በሌላ ስጦታ ከድኻው ላይ መልሶ ወሰደ። ስጦታው ምን ነበር? ዐሥር ባሪያ። ሱልጣኑ ይህን ሲሰማ ሌላ ዐሥር ባሪያና ሁለት ሸክም የዝሆን ጥርስ ጨመረለት። ወንድሙ ዳውድ በተራው ሲነግሥ ግን ለማኝ ሲመጣ «የሚሰጠው ሞቷል፤ የሚሰጥም አልተወም» ይል ነበር አሉ።

ጎብኚው ይህን ሲሰማ ስለ ቸርነት ነው የሚያወራው። እኔ ባሪያዎቹ ላይ እቆማለሁ። ሃያ ሰው ለአንድ ልብስ። ኪልዋ ላይ የሚያዩት ግንብ ሁሉ ይህ ከበስተጀርባው አለ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ጋሼ፣ ምጽዋን በድሮ ዘመን አይተዋት ከሆነ ድንጋዩን ገና ከሩቅ ያውቁታል። የምጽዋ አሮጌ ቤቶችና ኪልዋ የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው፤ ከኮራል፣ ማለትም ከባሕር ድንጋይ። ሁለት ዓይነት ነው። ለግድግዳው ጥንት ባሕር የነበረበት መሬት ላይ የደረቀውን፣ ሸካራውን ይፈልጣሉ። ለቅስቱ፣ ለበሩ ጠርዝ፣ ለሚህራቡ (መስጊድ ውስጥ የመካን አቅጣጫ ለሚያሳየው ጎድጓዳ ግድግዳ) ደግሞ ጠልቀው ከባሕር ውስጥ ሕያው ኮራል ያወጣሉ። እርጥብ ሳለ በቢላ እንደ አይብ ይቆረጣል። ሲደርቅ ይጠነክራል። የኪልዋ ጠራቢ ስለዚህ መቸኮል ነበረበት፤ ድንጋዩ ዛሬ ከወጣ ዛሬ ነገ መቀረጽ አለበት። ኖራውም የሚገኘው ያንኑ ኮራል እንጨት ላይ ከምሮ በማቃጠል ነው። ባሕሩ ድንጋዩም ማያያዣውም ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እዚያ ሲደርሱ በጣትዎ ሳይሆን በዓይንዎ የክፍሎቹን ስፋት ይለኩ። ቤተ መንግሥትም ይሁን ተራ ቤት፣ ክፍሎቹ ረዘም ያሉ ግን ጠባብ ናቸው። ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ ከ3 ሜትር አያልፍም። ለምን? ጣራውን የሚሸከመው የማንግሮቭ እንጨት ነው፤ ስዋሂሊዎች ቦሪቲ ይሉታል። ያ እንጨት ያን የከበደ የኮራልና የኖራ ጣራ ተሸክሞ የሚችለው ርዝመት ያን ያህል ነው። ሱልጣን ብትሆንም ክፍልህ ከማንግሮቩ አይሰፋም። ከዚህ ገደብ የሚያመልጡት በድንጋይ ጣራ ነው፤ በጉልላትና በቅስት። ትልቁ መስጊድ ውስጥ ሲገቡ ይህ ለምን እንደሚያስደንቅ በራሱ ይገባዎታል።

ትልቁ መስጊድ ከጀልባ ማረፊያው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ሁለት መስጊድ ተጋጥሞ አንድ የሆነ ነው። የሰሜኑ ክፍል ትንሽና አሮጌ ነው፤ የ11ኛው ወይም የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። ጣራው ወድቋል፣ ፀሐይ በቀጥታ ይገባል። የደቡቡን ክፍል አል ሐሰን ኢብን ሱለይማን ጨመረው። ያ ጭማሪ ከአንድ ኮራል በተጠረቡ ዓምዶች ላይ ቆሞ ነበር፤ አልቻሉትም፣ ወደቀ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ሲሠራ ባለስምንት ማዕዘን ወፍራም ዓምዶች ቆሙ፤ ዛሬ የሚያዩት እነሱን ነው። እኔ በሥራዬ ምክንያት ይሆናል፣ የወደቀውና እንደገና የቆመው ነገር ይበልጥ ይስበኛል። አንድ ትውልድ ከሚችለው በላይ ተመኝቶ ሠራ፣ ልጅ ልጆቹ ሒሳቡን አስተካክለው መለሱት። ከዓምዶቹ በላይ ጉልላትና ቅስት ጣራ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ረፋድ ላይ ብርሃኑ ከጎን ሲገባ ቁጭ ብለው ይዩት። ድንጋይ ላይ ይቀመጡ፤ ጉልበትዎም ያርፋል።

ከዚያ አለፍ ብሎ ትንሹ ባለጉልላት መስጊድ አለ። ከሁሉም በደኅና የቆመው እሱ ነው። ጣራው ዘጠኝ ክፍል ነው፣ መሃለኛው ጉልላት ላይ አጭር ዓምድ ተተክሎበታል። ወደ ውስጥ ገብተው ቀና ሲሉ ጣራው ላይ ክብ ክብ ጎድጓዶች ያያሉ። ከባሕር ማዶ የመጣ የሚያብረቀርቅ ሳህን ይሰካባቸው ነበር። እኛ ቤት ሳህን ቡፌ ውስጥ ይደረደራል፤ እነሱ ጣራ ላይ ሰክተውታል። እንግዳ ሲመጣ ቀና ብሎ እንዲያይ ነው መቼም።

ሁሱኒ ኩብዋ ከእነዚህ ራቅ ይላል፤ ወደ ምሥራቅ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። «ትልቁ ምሽግ» ማለት ነው፣ ምሽግ ግን አልነበረም። አል ሐሰን ኢብን ሱለይማን የጀመረው ቤተ መንግሥት ነው። ከመቶ በላይ ክፍል ነበረው። የሸቀጥ ግምጃ ቤቶች፣ ችሎት የሚቀመጥበት ግቢ፣ ባለስምንት ማዕዘን መታጠቢያ ገንዳ። ገንዳው አሁንም ቅርጹን ይዟል። ንጉሡ ገንዳው ዳር ተቀምጦ መርከብ ሲገባ ያይ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሕንጻው ግን ሳያልቅ ነው የተተወው። ኢብን ባቱታ ሲመጣ ሥራው ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም። ያም ሆኖ የከተማዋን ቤቶች የእንጨት ናቸው ብሎ ነው የጻፈው። ልክ ነው፤ ሁሉም ሰው የድንጋይ ቤት አልነበረውም። የእንጨቱና የጭቃው ቤት በሰበሰ፣ ድንጋዩ ቀረ። እኛ ዛሬ የምናየው የባለጠጎቹን ኪልዋ ብቻ ነው።

ማኩታኒና ጌሬዛ ላይ ብዙ አይቆዩ። ጌሬዛ ባሕሩ ዳር ያለው ምሽግ ነው። ታሪኩ ግን ይነገር። ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ በ1502 መጥቶ በመድፍ አስፈራርቶ ግብር አስከፈለ። በ1505 ሌላው ፖርቱጋላዊ ፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ ከተማዋን ዘረፈ፣ ምሽግ ሠራ። በ1512 ፖርቱጋሎቹ ጥለውት ሄዱ። ዛሬ የቆመው ምሽግ አብዛኛው ከዚያ በኋላ፣ በ1800 አካባቢ ዖማኖች የሠሩት ነው። ስሙ ከፖርቱጋልኛው «ቤተ ክርስቲያን» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ በዛሬው ስዋሂሊ ደግሞ እስር ቤት ማለት ነው። የኪልዋ ወርቅ የት እንደገባ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሊዝበን መሄድ ይችላል። እዚያ በብሔራዊው የጥንታዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1506 የተሠራ የቅዱስ ቁርባን ማሳያ አለ። ከኪልዋ ግብር በመጣ ወርቅ መሠራቱ እላዩ ላይ ተጽፎበታል። የተዘረፈ ነገር ደረሰኝ ይዞ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የኪልዋ ንግድ ፊቱ የጠቆረ ነው። በ1776 ሱልጣኑ ሞሪስ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር በዓመት 1000 ባሪያ ሊያቀርብ ተዋዋለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራው ወደ የብሱ፣ ወደ ኪልዋ ኪቪንጄ ዞረ። ጊዜ ካለዎት ኪቪንጄን ይለፉባት። አሮጌ ቤቶቿ እየፈረሱ ነው፤ ደሴቲቱ የማትነግርዎትን የታሪኩን ክፍል ትነግርዎታለች።

ወደ ሚከነክንዎት ጥያቄ ልምጣ። የኪልዋ ዜና መዋዕል የሚለው እንዲህ ነው። ዓሊ ኢብን አል ሐሰን የሚባል የሺራዝ (የፋርስ ከተማ ናት) ልዑል ከወገኖቹ ጋር በሰባት መርከብ ተነሣ። ኪልዋ ሲደርስ የደሴቲቱን ባለቤት ሽጥልኝ አለው። ሰውየው ደሴቲቱን የሚዞር ጨርቅ ካመጣህ አለ፤ ዓሊም አመጣ። በድሮው የፈረንጅ መጽሐፍ ይህ ተረት እንደ ታሪክ ተወሰደ። አፍሪካዊ ይህን ሊሠራ አይችልም ለሚል ሰው ደግሞ ተመቸ።

መሬቱ ሲቆፈር ግን ሌላ ነገር ወጣ። የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ባለሙያው ኔቪል ቺቲክ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኪልዋ ላይ ለዓመታት ቆፍሯል። ከድንጋዩ ሥር የጭቃ ቤት፣ የብረት ማቅለጫ ርዝራዥና የአገሬው ገንቦ ተገኘ። ሰው እዚያ የኖረው የሺራዝ ልዑል መጣ ከተባለበት ዘመን አስቀድሞ ነው። ኬንያ ውስጥ ሻንጋ በምትባል ሌላ የስዋሂሊ ከተማ ደግሞ ከአንዱ መስጊድ ሥር ሌላ፣ ከሱም ሥር ሌላ እየተገኘ ወረደ፤ የመጨረሻዎቹ ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ። ማለትም ድንጋዩ ተጠቅልሎ በመርከብ አልመጣም። ሰዉ በእንጨት ሲሠራው የነበረውን ቀስ በቀስ ወደ ኮራል ለወጠው። ቋንቋውም ቢሆን ዐረብኛ ብዙ ቃል አበደረው እንጂ አጥንቱ ባንቱ ነው። ኢብን ባቱታም የከተማዋ ሰዎች አብዛኞቹ ጥቁሮች እንደሆኑ፣ ፊታቸው ላይም ምልክት እንዳላቸው ጽፏል።

ታዲያ ሺራዝ ተረት ብቻ ነው? አይደለም። በ2023 ኪልዋን ጨምሮ በአብዛኛው ከባሕሩ ዳርቻ የድሮ ከተሞች መቃብሮች የወጡ የ80 ሰዎች ዘረ መል ተጠንቶ ወጣ። የብዙዎቹ የእናት መስመር አፍሪካዊ ነው። የአባት መስመር ላይ ግን የእስያ፣ በተለይም የፋርስ ደም በብዛት ተገኘ። መቀላቀሉም የጀመረው በ1000 አካባቢ ነው። ነጋዴ መጣ፣ ከአገሬው ቤተሰብ አገባ፣ ልጆቹ በእናታቸው ቋንቋ አደጉ፣ በአባታቸው ስም ኮሩ። ዜና መዋዕሉ የአባትየውን ብቻ ነው የነገረን። የኔ መልስ ስለዚህ ይኸው ነው፤ ከተማውን የሠራው ስዋሂሊው ነው። ስዋሂሊው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ነው ፋርሱም ዐረቡም የሚመጡት፣ እንደ አማች።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ያስተማሩበት መጽሐፍ ውስጥ ያልነበረ ይመስለኛል። የፖርቱጋሉ ታሪክ ጸሐፊ ዣዎ ደ ባሮስ ያንኑ ዜና መዋዕል አግኝቶ በ1552 አሳትሟል። እሱ እንደጻፈው ዓሊ ከሺራዝ የወጣው ወንድሞቹ ስለናቁት ነው። የናቁበት ምክንያት ደግሞ እናቱ ሐበሻ ባሪያ ስለነበረች ነው። እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው። የኪልዋ ሰዎች ስለ ራሳቸው አመጣጥ ሲያወሩ ግን ሐበሻ እናት ጨምረውበታል። ስሟን ማንም አልመዘገበውም።

በሉ አሁን ስለ መንገዱ።

ወቅቱን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያድርጉት። እኛ ጋ ክረምት ሲገባ እዚያ ሰማዩ ክፍት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት አይሂዱ፤ ዋናው ዝናብ ያኔ ነው። በ2024 የዝናብ ወቅት ሂዳያ የሚባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ የዳሬሰላምና የሊንዲን መንገድ ኪልዋ ወረዳ ውስጥ በጎርፍ ቆርጦት ነበር።

አውቶቡሱ የሚነሣው ከዳሬሰላም ደቡባዊ ጫፍ፣ ከምባጋላ ነው። ጠዋት ይነሡ። ሩፊጂን ወንዝ በምካፓ ድልድይ ይሻገራሉ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድልድይ ነው፣ እንቅልፍ ቢወስድዎት ባለቤትዎ ይቀስቅሱዎት። ናንጉሩኩሩ ላይ መንገዱ ወደ ማሶኮ ይታጠፋል። በጥቅሉ አምስት ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ልጅዎ መኪና ካላት በርሷ ይሂዱ፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው የአውቶቡስ ወንበር ጠባብ ነው። ማሶኮ ውስጥ የሚዞሩት በባጃጅ ነው። ባጃጅ እዚያም ባጃጅ ነው የሚባለው።

በዕለቱ ደርሰው በዕለቱ ለመመለስ አያስቡ። ከሰዓት በኋላ ይድረሱ፣ ማሶኮ ካለው ቅርሱን ከሚያስተዳድረው ቢሮ የመግቢያ ፈቃድ ያውጡ፣ አስጎብኚውን ያግኙ፣ ይደሩ። ያለ ፈቃድ ደሴቲቱ ላይ አይወጣም፤ ከ1981 ጀምሮ በአቅራቢያው ካለችው ከሶንጎ ምናራ ደሴት ፍርስራሽ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው። ከ2004 እስከ 2014 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ ባሕሩ ዳርቻውን እየበላው ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ አይደገፉ፣ ከመሬት ላይ የሳህን ስባሪም አያንሡ። የሚያብረቀርቅ ነገር እግርዎ ሥር ሲያዩ እጅዎ መሄዱ አይቀርም፤ ይመልሱት።

ዋናው ነገር የውኃው ሙላትና ሽሽት ነው። ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ከ3 ሜትር በላይ ልዩነት ይኖራል። ውኃው ሸሽቶ ከደረሱ ጀልባው ከባሕሩ ዳር ርቆ ይቆማል፤ በጭቃና በድንጋይ ላይ በባዶ እግር መሄድ ሊመጣ ነው። ለርስዎ ጉልበት ይህ አይሆንም። ለባለጀልባው «ሙሉ ውኃ ላይ ልውረድ፣ ሙሉ ውኃ ላይ ልሳፈር» ብለው ያስረግጡት። ባለሞተር ጀልባ ይሻላል። የሸራው የሚያምር ነው፣ ግን ነፋሱን መለመን አለ። ወደ ሁሱኒ ኩብዋ በእግር ከመሄድ በባሕር በኩል ጀልባው ያስጠጋዎት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ያም ሆኖ የተወሰነ ዳገት አለው። ዱላ ይያዙ። ሶንጎ ምናራን ግን ይተዉት። እኔ በጣም ነው የምወደው፤ የ14ኛውና የ15ኛው ክፍለ ዘመን የመኖሪያ ቤቶች እንደ ሰፈር ተደርድረው የቀሩበት ቦታ ነው፣ እዚያ ሱልጣን ሳይሆን ጎረቤት ነው የሚታይዎት። ግን ጀልባው ሩቅ ነው፣ ማንግሮቭ ውስጥ ረግረግ አለ። ልጅዎ ትሂድና ፎቶ ታምጣልዎት። ምናልባት ሐሳቧን የምትቀይረው እዚያ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንዳይረሱ፣ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ይጠየቃል። ባሕሩ ዳርቻ ወባ አለ፤ ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ውኃና ምሳ ይዘው ይሻገሩ። ባለቤትዎ ነጠላ ይያዙ፤ ደሴቲቱ ላይ ሙስሊም ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ይኖራሉ፣ ፍርስራሹ መሃል የነሱ መንደር ነው። ልጆች ሲያገኙዎት «ሺካሞ» ይሉዎታል፤ ለታላቅ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። «ማራሃባ» ብለው ይመልሱ።

ሰዓት ሲቀጥሩ ደግሞ ፈረንጅኛውን ይርሱት። ስዋሂሊዎች የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላት ነው። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ ለባለጀልባው በእንግሊዝኛ «ሰባት ሰዓት» ብዬው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ብቅ አለ። «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ይበሉት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት። በሰዓቱ ይመጣል።